በቀን አንድ መስመር

ደብተሩ የለም።

ፋርማሲስቷ የሠራተኛ ማመላለሻው አውቶቡስ ደረጃ ላይ አንድ እግሯን እንዳሳረፈች ነው ልብ ያለችው። ከሾፌሩ ጎን፣ ሞተሩ ክዳን ላይ፣ እስክሪብቶ በክር ታስሮለት ዘወትር የሚቀመጠው ሰማያዊ ደብተር የለም። በምትኩ አንዲት ነጠላ ወረቀት ተቀምጣለች፤ ቀድመዋት የገቡት ሴቶች ፈርመውባታል። ቀና ብላ ሾፌሩን አየችው። እሱ መንገዱን ያያል። ፊቱ አመድ መስሏል።

ፈረመች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ መስኮቱን ተጠግታ ተቀመጠች። ዓይኗ ደብተሩ ከነበረበት ቦታ አልነቀል አለ።

«ጭራ ገባች፤ በሩን ዝጉ» አለች ከኋላ አንዷ ነርስ፤ ሁሉም ሳቁ። ሁልጊዜ መጨረሻ ስለምትሳፈር ጭራ ብለው ስም አውጥተውላታል። ሌላ ቀን ቢሆን አብራ ትስቅ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ፤ አለዚያ አንድ ደብተር ጠፋ ብላ እንዲህ መሆኗ አይገባችሁም።

ከተማዋ ከትልቁ ከተማ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ብትርቅ ነው። ጠባይዋ ግን ሌላ አገር ነው። እዚያ ትልቁ ከተማ ሰው ከሰው ሲጋፋ ይውላል፤ ማን ከማን ጋር ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እዚህ መንገዱ ጭር ያለ፣ አጥሩ ረጅም፣ ነዋሪው ጨዋና ቁጥብ ነው። መጋረጃ የሌለው መስኮት የለም፤ ዓይን የሌለው መጋረጃም የለም። ከሰው አገር ለሥራ የመጣች ሴት ደግሞ ከሁሉ በላይ ትታያለች። ሳቋ ከፍ ካለ ይወራል፤ ቀሚሷ ከፍ ካለማ አገር ይያዝልኝ ነው።

ሆስፒታሉ ከውጭ ያስመጣቸውን ሴቶች በሙሉ በአንድ ግቢ ያኖራቸዋል። የግቢው ኃላፊ የከተማዋ ተወላጅ የሆነች ኮስታራ ሴትዮ ናት። ሴቶቹ ራዳር ይሏታል። ጠዋት ጠዋት ሰዓቷን ይዛ በር ላይ ትቆማለች፤ ማን መቼ ወጣች፣ ማን ምን ለበሰች፣ ማን ማንን አየች፣ ከእሷ የሚያመልጥ የለም። በሥራ ውሉ ላይ ደግሞ አንድ አንቀጽ አለ። የግቢው ነዋሪ ከሾፌር፣ ከጥበቃ ወይም ከጥገና ሠራተኛ ጋር የግል ግንኙነት ከተገኘባት ሁለቱም በሰባት ቀን ውስጥ አገሩን ለቀው ይወጣሉ፤ ዋስ ሆኖ ያስቀጠራት ሰውም ከሥራው ይሰናበታል። የወረቀት ማስፈራሪያ እንዳይመስላችሁ። አምና አንዲት ነርስና አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በዚሁ አንቀጽ ሄደዋል። የነርሷ ነጠላ ጫማ በሯ ላይ ወር ሙሉ ተቀምጦ ነበር፤ የሚያነሳው ሰው ጠፍቶ።

ለፋርማሲስቷ ዋስ የሆነችው አክስቷ ናት። እቴቴ ትላታለች። እቴቴ የሆስፒታሉን ስፌት ክፍል አስራ ዘጠኝ ዓመት የመራች ሴት ናት፤ አንሶላውም የሐኪሞቹ ጋውንም በእጇ ያልፋል። አላገባችም፣ አልወለደችም። የእህቷን ልጅ ነው እንደ ልጇ የያዘችው። ልጅቷ ትልቁ ከተማ ሥራ አግኝታ ሳለ «እዚያ ልጅ ይበላሻል» ብላ ወደዚህ ያስመጣቻት እሷ ናት። ትልቁ ከተማ የሚሠራ፣ የአገራቸው ልጅ የሆነ አንድ መሐንዲስም አጭታላታለች። በየሁለት ሳምንቱ አውቶቡሱ ሴቶቹን ለገበያ ወደዚያ ሲወስድ፣ እቴቴና ፋርማሲስቷ ከመሐንዲሱ ጋር ምሳ ይበላሉ።

እና ሾፌሩ? እሱም የአገሯ ልጅ ነው። አስረኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ያቋረጠ፣ አንገቱን የማያዞር ዝምተኛ ሰው። ሴቶቹ ሐውልቱ ይሉታል። ሾፌር ከተሳፋሪ ጋር እንዳያወራ በመስታወቱ ሥር ተለጥፏል፤ እሱም አውርቶ አያውቅም። ግን ከሰባት ወር በፊት አንድ ጉም የሸፈነው ጠዋት፣ ፋርማሲስቷ ደብተሩ ላይ ስትፈርም እጇ አላስችል ብሏት ከፊርማዋ ሥር በአገራቸው ፊደል «ዛሬ ጉም ነው፣ ቀስ በል» ብላ ጻፈች። በማግስቱ ከሥሩ «ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት፤ አላስተዋልሽም?» የሚል አገኘች። በቃ፤ እንዲህ ነው የተጀመረው።

ከዚያ ወዲያ ወደ ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ተሻገሩ። እሷ መጨረሻ ትሳፈራለች፤ ከኋላዋ የሚጠብቅ ሰው እንዳይኖር። ራዳር በር ላይ ሰዓት ስለምታይ ከአንድ መስመር በላይ መጻፍ አይቻልም። ማታ እሱ ገጹን ቀዶ ያወጣና በአዲሱ ገጽ ላይ የራሱን አንድ መስመር ይጽፋል። በቀን አንድ መስመር፣ ሰባት ወር። በድምፅ አንዲት ቃል ተነጋግረው አያውቁም። የቀረውን የሚናገረው መስታወቱ ነበር፤ ውስጠኛው የአውቶቡስ መስታወት፣ እሱ ዓይኑን ብድግ ሲያደርግ የእሷን ዓይን የሚያገኝበት።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት ሾፌሩ መስታወቱን ወደ ጣሪያ አዞረው። አራት ቀን ሙሉ አላያትም፤ አንድ መስመርም አልጻፈላትም። እሷ አራት ሌሊት አልተኛችም። መሐንዲሱን ነው ያየው አለች ለራሷ፤ የምሳ ቤቱ ፊት መስታወት በመስታወት ነው፤ እሱ ከመንገዱ ማዶ አውቶቡሱ ሥር ቆሞ እሷ ስትበላ ዓይኗ በዓይኑ ገጥሟል። ተቀይሞኛል፣ ተወኝ አለች። ትናንት ጠዋት ሆድ ይፍጀው ማለት አቅቷት «መስታወቱን ማን አዞረው?» ብላ ጻፈች።

መልሱን ማታ እንደሚጽፍ ታውቃለች። መልሱ ደብተሩ ላይ ነው። ደብተሩ ግን የለም።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አንዲት እናት ሦስት ጊዜ «እህቴ፣ ይኼን ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» ብላ ጠየቀቻት። ሦስቴም አልሰማችም። ረፋዱ ላይ ስልኩ ጮኸ። «አስተዳዳሪው ቢሮ ትፈለጊያለሽ፤ አሁኑኑ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። አክስቴን ገደልኳት፣ እያለች ነው ኮሪደሩን የምትሄደው። ስለ ራሷ ገና አላሰበችም።

በሩን ስትከፍት አራት ነገር በአንድ ጊዜ አየች። አዲሱ አስተዳዳሪ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ራዳር ወንበሩ ጫፍ ላይ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። ሾፌሩ ግድግዳው ሥር ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ሰማያዊው ደብተር የመጨረሻው ገጽ ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ገጹ ከላይ እስከ ታች በጽሑፍ ሞልቷል። አንድ መስመር የለመደ ዓይኗ ያን ሁሉ ጽሑፍ ሲያይ ልቧ ስንጥቅ አለ።

«ይቀመጡ» አላት አስተዳዳሪው በአገሩ ቋንቋ። ወጣት ነው፤ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ያ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል። «ይቅርታ፣ ከሥራ አስነሳንዎት። ለነዳጅ ቁጥጥር የመኪኖቹን ደብተሮች ዛሬ በማለዳ ሰብስቤ ነበር። ይኼ ሴቶች በየቀኑ የሚፈርሙበት ደብተር ነው፤ ይኼ ደግሞ የማናውቀው ጽሑፍ። ሰውየውን ስጠይቀው "የግሌ ነው" ከማለት ሌላ አይናገርም። በእናንተ ቋንቋ ታካሚ ሲመጣ የሚተረጉሙት እርስዎ ነዎት፤ ዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው የእርስዎ ስም ነው። ያንብቡልን።»

አልደረሱባትም። እስትንፋሷ ተመለሰ። ግን ተመልሶ ሳያበቃ ነገሩ ገባት። የራሷን ደብዳቤ፣ ገና ያላነበበችውን፣ ለእነዚህ ሰዎች ልታነብ ነው።

ደብተሩን ሳበች። ስም የለውም፤ እግዜር ይስጠው ስሟን አልጻፈም። የመጀመሪያውን መስመር በዓይኗ ሄደችበት።

*መስታወቱን ማን አዞረው ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ነኝ ያዞርኩት።*

«እናቴ ሆይ፣ እንደምን ሰነበትሽ» አለች ፋርማሲስቷ። ድምፅዋ ከየት እንደመጣ አታውቅም። «ለእናቱ የጻፈው ነው።»

ሾፌሩ ቀና አላለም። ግን ትከሻው ላይ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ አየች።

*አክስትሽ መጥተው ነበር። ባለፈው ማክሰኞ፣ ጎማ ስነፋ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ለገበያ በሄድን ቀን ከኋላሽ ተቀምጠው መስታወቱ ውስጥ ዓይኔን አይተውኛል። ልጄን ተውልኝ ብለው ለመኑኝ። የእናቴን ዕድሜ የሚያህል ሰው ለምኖኝ አያውቅም። እሺ አልኳቸው።*

እቴቴ ታውቃለች። ፋርማሲስቷ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊደል ተምታታባት። ሳምንት ሙሉ እቴቴ ታውቅ ነበር፤ አብራት ስትበላ፣ ጸጉሯን ስትሠራላት፣ ስለ መሐንዲሱ ስታወራላት። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

«ምን ይላል?» አለች ራዳር።

«ጤናዋን ይጠይቃታል። "ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ሐኪሙ የሰጠሽን መድኃኒት እየወሰድሽ ነው ወይ?" ይላል።»

*አራት ቀን ጣሪያ እያየሁ ነዳሁ። በአራት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ መንገድ ተሳሳትኩ፤ ሰባት ወር የነዳሁትን መንገድ። እኔ አስረኛን ያልጨረስኩ ሰው ነኝ፤ አንቺ የተማርሽ ነሽ። መሐንዲሱን አይቼዋለሁ። ጥሩ ሰው ይመስላል፤ በር ይከፍትልሻል። እኔም በር እከፍትልሻለሁ፤ የእኔን ግን ሥራው ነው ይሉታል።*

ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጡባት። ከንፈሯን ነከሰች።

«"እኔ ደህና ነኝ። ሥራዬ ጥሩ ነው። መንገዱን ለምጄዋለሁ"» አለች።

*የምሰጥሽ ነገር የለኝም፤ የምጠይቅሽ ግን አለኝ። ታገቢኛለሽ ወይ? ይህን ስጽፍ ለአክስትሽ የገባሁትን ቃል አፍርሻለሁ። እሺ ካልሽኝ መጀመሪያ እርሳቸው እግር ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እምቢ ከሆነ ምንም አትጻፊ። ፈርመሽ ብቻ እለፊ። እኔ ይገባኛል።*

ዛሬ ጠዋት ያቺ ነጠላ ወረቀት ላይ ፈርማ አልፋለች። ምንም ሳትጽፍ፣ ምንም ሳታውቅ። እና እሱ መሪውን ይዞ ፈርማ ስታልፍ አይቷታል። ደብተሩ እንደተወሰደ ቢያውቅም፣ አላነበበችውም ብሎ ራሱን ቢያጽናናም፣ ልብ መቼ ይህን ይሰማል። እንባዋ ገጹ ላይ ጠብ አለ።

«ምነው?» አለ አስተዳዳሪው።

«እናቱ ታማለች» አለች። «ልመጣ አልቻልኩም፣ ይቅር በይኝ ነው የሚላት።»

አስተዳዳሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ፊቱ ተለሳልሷል፤ እሱም እናት አለችው መቼስ። ወደ ሾፌሩ ዞረ። «እንዲህ ነው ጽሑፉ?»

«እሷ ያለችው ነው» አለ ሾፌሩ።

ድምፁን ሰማች። ሰባት ወር ምን ዓይነት ይሆን እያለች ስታስበው የኖረችው ድምፅ ይኸው ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ትንሽ የሻከረ። አንድ አፍታ ፍርሃቷን ረሳችው።

«ጥሩ» አለ አስተዳዳሪው። «እንግዲህ ደንቡን ያውቁታል። ሁለተኛ አንባቢ ያስፈልገናል።»

ክው አለች። እንዴት ረሳችው? ደንቡን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። በዚህ ሆስፒታል አንድ የተተረጎመ ወረቀት፣ የቀዶ ሕክምና ስምምነት ይሁን ሌላ፣ ሁለት ሰው ለየብቻ ካላነበበው አይጸድቅም። ሁለተኛው አንባቢ መጀመሪያው ያለውን መስማት የለበትም። በዚህ ደንብ ሃያ ጊዜ ሠርታለች። በእነሱ ቋንቋ ደግሞ ሁለተኛዋ አንባቢ አንዲት ሰው ብቻ ናት።

ራዳር ስልኩን አንስታ የስፌት ክፍሉን ጠራች።

እቴቴ እስክትመጣ ያለፈው ጊዜ ስንት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ፋርማሲስቷን ግድግዳው ሥር ወንበር ላይ አስቀመጧት፤ እንዳትናገር አዘዟት። ከሾፌሩ ሦስት እርምጃ ትርቃለች። እሱ አላያትም፣ እሷም አላየችውም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ የታመመች እናት ከየት አመጣሁ እያለች ራሷን ትረግማለች። እቴቴ ደግ ሆና ልታድናቸው ብትፈልግ እንኳ፣ የታመመች እናት የምትል ውሸት ከየት ታገኛለች? ደግ ባትሆንስ? ይኼ ነው ይበልጥ ያስፈራት። እቴቴ አንድ ነገር ብቻ ብትል ይበቃታል። «ሰውየው ለልጄ የጻፈላት ነው፤ እሷ አታውቅም» ትበል። ልጅቷ ትድናለች፣ እቴቴም ትድናለች፣ መሐንዲሱም ይጠብቃል። የሚሄደው ሐውልቱ ብቻ ነው። ጠልታ እንኳ አይደለም፤ ወዳ ነው ይህን የምታደርገው።

እቴቴ ገባች። ለስፌት የምታጠልቀውን የጣት ቆብ ገና ከጣቷ አላወለቀችም። ክፍሉን አንዴ ቃኘችው፤ ልጅቷን፣ ሾፌሩን፣ ደብተሩን። ሰላምታ ሰጥታ ተቀመጠች፤ መነጽሯን አጠለቀች። ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ማንበብ ጀመረች።

አነበበች። ጨረሰች። ተመልሳ ከላይ ጀመረች።

«እናቴ» አለ አስተዳዳሪው በአክብሮት፣ «እንጠብቅዎ?»

እቴቴ መነጽሯን አወለቀች። ሾፌሩን ረጅም ጊዜ አየችው። ፋርማሲስቷ ዓይኗን ጨፈነች።

«ይኼ ደብዳቤ የተጻፈው ለእኔ ነው» አለች እቴቴ።

«ለእርስዎ?»

«ለእኔ። ይህ ሰው የእህቴን ልጅ ማግባት ይፈልጋል። የዛሬ ሳምንት ሄጄ፣ ጨዋ ሰው አሳዳጊዋን ሳይጠይቅ በሰው ልጅ ላይ ዓይኑን አይጥልም አልኩት። አላሳፈረኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዳያያት መስታወቱን እንኳ ወደ ጣሪያ አዞረ። ሴቶቹን ጠይቁ፣ አይተዋል። አሁን ደግሞ በወግ በወጉ ይጠይቀኛል። የሾፌር ወረቀቱ ደብተሩ ነው፤ ወደ ስፌት ክፍል አንሶላ ሊጭን ሲመጣ ሊሰጠኝ ይሆናል ያሰበው።»

አስተዳዳሪው ወደ ፋርማሲስቷ ዞረ። ለስላሳው ድምፅ ደረቀ። «የታመመች እናት ነበር ያሉኝ። አንዳችሁ ዋሽታችኋል።»

አበቃ፣ አለች ፋርማሲስቷ በሆዷ።

ያን ጊዜ ማን ቢናገር ጥሩ ነው? ራዳር።

«እንዴ፣ ምን ታድርግ?» አለች ራዳር፤ አስተዳዳሪውን እንደ ታናሽ ወንድሟ ነው የምትቆጣው። «የራሷን የጋብቻ ጥያቄ ሁለት ወንድ ፊት ጮክ ብለሽ አንብቢ ተባለች። እኔ ብሆን ወረቀቱን እውጠው ነበር። አፍራ ነው እናቱ ታመመች ያለችው። የጨዋ ልጅ እንዲህ ናት። ሰውየውስ ቢሆን ዝም ያለው ስሟን ወንዶች መሐል ላለመጥራት አይደል? እኔ አምናን አይቻለሁ፤ ያኔ የሆነውንም አውቀዋለሁ። ይኼ ያ አይደለም።»

አስተዳዳሪው የከተማዋ ልጅ ነው፤ ነገሩ በሚያውቀው ቋንቋ ተነገረው። ራሱን ነቀነቀ። ፋርማሲስቷ ግን አላረፈችም፤ የሚቀጥለው ጥያቄ ምን እንደሆነ ቀድማ አውቃዋለች።

«ታዲያ» አለ አስተዳዳሪው፣ «እርስዎ ምን መልስ ሰጡት?»

እቴቴ እስከዚህ ድረስ ነበር ያሰበችው፤ ከዚህ ወዲያ አላሰበችም። ደግሞም አሁን መንገዱ ለእሷ ተከፍቷል። «አልፈቀድኩም» ብትል ማንም አይጎዳም። ሾፌሩ በጨዋነት ጠይቆ በጨዋነት የተከለከለ ሰው ይሆናል። ልጅቷም ስሟ ንጹሕ ነው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከመሐንዲሱ ጋር ምሳ ይበላሉ። ፋርማሲስቷ ያን ቃል በአክስቷ ከንፈር ላይ አየችው፤ ከመባረር ይልቅ ይህን ፈራች።

«ገና አልመለስኩም» አለች እቴቴ። «ልጅቷን ሳልጠይቅ አልመልስም። እዚሁ በቋንቋችን ልጠይቃት።»

አስተዳዳሪው በእጁ ፈቀደላት። እቴቴ ወንበሯን ዞር አደረገች።

«አንቺ ልጅ» አለች። «ይኼን ሳነብ ምን ምን እንዳሰብኩ እግዜር ያውቃል። "ጥፋቱ የእሱ የብቻው ነው" ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቃል ገብቶልኝ ቃሉን በላ። አልወደድኩትም፤ አልዋሽሽም። ግን የበላውን ቃል ራሱ ጽፎ አምኗል፤ ይኼንንም እኔ አነበዋለሁ ብሎ አይደለም የጻፈው። እስቲ ንገሪኝ። እኔን ፈርተሽ እንዳትመልሺ። እነሱንም ፈርተሽ እንዳትመልሺ። ትፈልጊዋለሽ?»

«እፈራለሁ እቴቴ» አለች ፋርማሲስቷ። «አንቺን እፈራለሁ፣ እነሱን እፈራለሁ። ነገ ምን እንደሚመጣ አላውቅም፤ እሱንም እፈራለሁ። ግን እወደዋለሁ።»

ተነሳች። ወደ ግድግዳው ዞረች። ሰባት ወር ሙሉ በቀን አንድ መስመር የጻፈችለትን ሰው ፊት ለፊት፣ ያለ መስታወት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። ግራ ቅንድቡ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ፤ አታውቅም ነበር።

«እሺ» አለችው።

አንገቱን የማያዞረው ሰውዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ቆመ፤ ጀርባው ይንቀጠቀጣል። ራዳር መሐረብ ፈልጋ ቦርሳዋን መበርበር ያዘች፤ ለእሱ ይሁን ለራሷ አልታወቀም።

«ፈቅጃለሁ» አለች እቴቴ በአገሩ ቋንቋ፣ ለአስተዳዳሪው።

አስተዳዳሪው ጊዜ አላባከነም። ሾፌሩ ከነገ ጀምሮ ትልቁ ከተማ ያለው ቅርንጫፍ ይዛወራል። የጋብቻ ወረቀት በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ አንቀጹ በሦስቱም ላይ ይፈጸማል። እስከዚያ አክስቷ በሌለችበት አይገናኙም፣ ደብዳቤም አይጻጻፉም። ፈርሙ አላቸው። ሦስቱም ፈረሙ። ሾፌሩ ሲወጣ እቴቴ ፊት ቆመና ጎንበስ አለ፤ እሷ ትከሻውን ይዛ ቀና አደረገችው።

ኮሪደሩ ላይ እቴቴ አራት እርምጃ ሄዳ ግድግዳውን ተደገፈች። ፋርማሲስቷ ደንግጣ ያዘቻት።

«እቴቴ፣ አመመሽ?»

«ፈራሁ» አለች እቴቴ። ከንፈሯ ነጥቷል። «አስራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ስኖር አንድ ቀን ዋሽቼ አላውቅም። ሰውየው ክፉ ቢሆንስ? እናትሽን ምን ብዬ ነው የማያት? ምኑን አውቀሽ ነው እሺ ያልሽው?»

ፋርማሲስቷ ምኑን ታውቃለች? መቶ ሃምሳ መስመር ያህል ታውቃለች። ድምፁን ዛሬ ሰማችው፤ ሦስት ቃል። ከዚያ ሌላ ምንም አታውቅም፤ አሁን ደግሞ ሦስት ወር አይጽፍላትም።

«አላውቅም» አለች። «እኔም ፈርቻለሁ። ታዲያ ለምን ፈቀድሽ?»

እቴቴ መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ንጹሕ ነበር፤ ግን ጠረገችው።

«እኔም አንድ ጊዜ ተጠይቄ ነበር» አለች። «ባንቺ ዕድሜ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁና ዝም አልኩ። ዝም ስል እምቢ አለች ብሎ ሄደ። እምቢ አላልኩም እኮ፤ ፈርቼ ነው። ያ ልጅ "ፈርመሽ ብቻ እለፊ፣ እኔ ይገባኛል" ያለበት ጋ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ። ለዚህ ነው ከላይ የጀመርኩት።»

ፋርማሲስቷ አክስቷን አቀፈቻት። ስትፈራት የኖረችው ይህች ሴት በክንዷ ውስጥ እንዲህ ትንሽ መሆኗን አላወቀችም ነበር። ከኮሪደሩ ጫፍ አንዲት ነርስ ብቅ አለችና አየቻቸው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለቱም ይላቀቁ ነበር።

«በይ እንሂድ፤ በሽተኞች ይጠብቁሻል» አለች እቴቴ።

እጅ ለእጅ ተያይዘው ሄዱ። የሁለቱም እጅ በረዶ ነበር፤ የቱ እጅ የቱን እንደሚያሞቅ አይታወቅም።